ከባሕር ዳር ተነሥቶ የኮምፒውተር ግራፊክስ ተመራማሪ መሆን፦ ማስተማሩን ልተው ወይስ ልቀጥል?

ጥያቄ፦ «ነዋሪነቴ ባሕር ዳር ነው። በኮምፒውተር ሳይንስ ተመርቄ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ በረዳትነት ማስተማር ከጀመርሁ ሁለት ዓመት ሆነኝ። ማታ ማታ ብሌንደር የተባለውን የአኒሜሽን ሶፍትዌር እለማመዳለሁ። ምኞቴ ለታላላቅ የአኒሜሽን ፊልሞች የሚሠራ የግራፊክስ ተመራማሪ መሆን ነው። ጓደኞቼ ግን ዩኒቨርሲቲ ውስጥ የቆየ ሰው ወደ ፊልም አይገባም ይሉኛል። ስለዚህ ሥራዬን ለቅቄ አዲስ አበባ የስድስት ወር የአኒሜሽን ኮርስ ልመዘገብ አስቤያለሁ። ሥዕል አልችልም፤ ያለኝም ተራ ላፕቶፕ ነው። ሰው ሠራሽ አስተውሎት ሁሉን ስለሚሠራው ጊዜው አልፏል የሚሉም አሉ። ሥራዬን ልልቀቅ ወይስ ሁለተኛ ዲግሪዬን ልማር?»

ምላሽ፦ ሥራዎን አይልቀቁ፤ ለኮርሱም አይመዝገቡ። ይህን አስቀድሜ የምናገረው ጥያቄዎ ሁለት የተለያዩ ሙያዎችን እንደ አንድ ስለያዘ ነው፤ ሁለቱ ሳይለዩ የሚሰጥ ምክር ደግሞ ወዳላሰቡት ቦታ ይወስድዎታል። አኒሜተር ገጸ ባሕርይን የሚያንቀሳቅስ ባለሙያ ሲሆን፣ የግራፊክስ ተመራማሪ ግን ምስሉ ራሱ በኮምፒውተር ውስጥ እንዴት እንደሚፈጠር የሚያጠና ሰው ነው። በጣና ላይ ታንኳ የሚቀዝፍ ሰው የሚታይበትን አንድ ትዕይንት ያስቡ። ቀዛፊው ሲስብ ትከሻው ምን ያህል እንደሚያዘነብል፣ ነፋስ ሲነሣ ፊቱ ላይ ምን እንደሚነበብ የሚወስነው አኒሜተሩ ነው። የታንኳውን ቅርጽ፣ የውኃውን እንቅስቃሴና የመብራቱን አቀማመጥ በሶፍትዌሩ ውስጥ አገናኝቶ ትዕይንቱ ሳይሰናከል እንዲሠራ የሚያደርገው በስቱዲዮዎች ዘንድ ቴክኒካል ዳይሬክተር የሚባለው ነው። የተመራማሪው ሥራ የሁለቱንም ይቀድማል፤ የፀሐይ ብርሃን ታንኳው በተሠራበት ደንገል ውስጥ ገብቶ እንዴት እንደሚወጣ፣ ደለል የተቀላቀለበት ውኃ ለምን ቡናማ ሆኖ እንደሚታይ በሒሳብ ይገልጻል፤ ሒሳቡንም ኮምፒውተር በተመጣጣኝ ጊዜ ሊሠራው ወደሚችል አልጎሪዝም ይለውጠዋል። ኮርሱ የሚያስተምረው የመጀመሪያውን ሙያ ነው። ሙያው ከባድም የተከበረም ነው፤ እርስዎ የጠየቁት ግን ሦስተኛውን ነው።

ሥዕል አለመቻልዎ ለዚህ ለሦስተኛው ሙያ እንቅፋት አይሆንም። ኤድ ካትመል በልጅነቱ አኒሜተር መሆን ይመኝ ነበር፤ የሥዕል ችሎታው እንደማያደርሰው ሲረዳ ወደ ፊዚክስና ወደ ኮምፒውተር ሳይንስ ዞረ። እ.ኤ.አ. በ1974 (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታትም ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው) በዩታ ዩኒቨርሲቲ ባቀረበው የዶክትሬት ጽሑፍ ለእያንዳንዱ የምስል ነጥብ ርቀቱን እየመዘገበ የትኛው ነገር ከፊት የትኛው ከኋላ እንደሆነ የሚለይ ዘዴ አስቀምጧል፤ በአንድ ቅርጽ ላይ ሥዕልን እንደ ጨርቅ የማልበስንም ዘዴ አቅርቧል። ዛሬ በእጅዎ ያለው ስልክ ጌም ሲያሳይ ሁለቱንም ይጠቀማል። ካትመል ኋላ ፒክሳር የተባለውን የአኒሜሽን ስቱዲዮ ከመሠረቱት አንዱ ሆነ። ስለዚህ ከሥዕል ይልቅ የሚያስፈልግዎ ነገርን በጥሞና የማየት ልማድ ነው፤ ይኸውም የጠዋትና የማታ ብርሃን በውኃው ላይ ለምን እንደሚለያይ አይቶ ምክንያቱን እስኪያገኙ ድረስ አለማረፍ ነው።

ጓደኞችዎ ከዩኒቨርሲቲ ወደ ፊልም መግቢያ የለም ማለታቸው የዚህን ዘርፍ ታሪክ ካለማወቅ የመጣ ነው። በሌሎች የምሕንድስና መስኮች ሊያስኬድ ይችል ይሆናል፤ በግራፊክስ ግን ምርምሩና ፊልሙ አብረው ያደጉ ናቸው። ፓት ሃንራሃን ዶክትሬቱን እ.ኤ.አ. በ1985 የሠራው በባዮፊዚክስ ነው። ከዚያ ፒክሳር ገብቶ ሬንደርማን የተባለውን የምስል ማመንጫ ሥርዓት በመንደፍ ዋነኛ ድርሻ ነበረው፤ በ1989 ለማስተማር ወደ ፕሪንስተን፣ ኋላም ወደ ስታንፎርድ ሄደ። በኮምፒውተር ሳይንስ ትልቁ የሆነውን የ2019ን የቱሪንግ ሽልማት ከካትመል ጋር የተጋራው የስታንፎርድ ፕሮፌሰር ሆኖ ነው። ቶኒ ደሮዝ በተቃራኒው የዋሽንግተን ዩኒቨርሲቲ ፕሮፌሰርነቱን ትቶ ፒክሳር ገባ፤ ካትመልና ክላርክ በ1978 ያሳተሙት ለስላሳ ቅርጽ የመሥሪያ ሒሳብ ለፊልም ገጸ ባሕርያት እንዲውል ያደረገውም ከሥራ ባልደረቦቹ ጋር እዚያ ነው። ኬን ፐርሊን መጀመሪያ በፊልም ሥራ ላይ ነበር። በኮምፒውተር የሚሠሩት ምስሎች ማሽን ማሽን ማለታቸው አላረካው ሲል የተፈጥሮን ዝብርቅርቅነት የሚመስል የሒሳብ ዘዴ ፈጠረ፤ በ1985 አሳተመው፤ የኒውዮርክ ዩኒቨርሲቲ ፕሮፌሰርም ሆነ። በ1997 የአሜሪካ የፊልም አካዳሚ የቴክኒክ ሽልማት የሰጠው ለዚሁ ሥራው ነው።

ከሁሉ ይልቅ ግን የ2004ቱን የዚያኑ አካዳሚ የቴክኒክ ሽልማት እንዲያስቡት እፈልጋለሁ። ብርሃን በቆዳ፣ በወተትና በእብነ በረድ ውስጥ ገብቶ ተበትኖ በሌላ ቦታ የመውጣቱን ነገር በሒሳብ የገለጹት የዩኒቨርሲቲ ሰዎቹ ሄንሪክ ዋን ጄንሰን፣ ስቲቭ ማርሽነርና ሃንራሃን ተሸለሙ። በዚያው ዓመት፣ በዚያው ዘዴ፣ በስቱዲዮ ውስጥ ለፊልም እንዲመች አድርገው የሠሩት ሌሎች ሦስት ሰዎችም ለብቻቸው ተሸለሙ። የጥናቱ ዋና ጽሑፍ የታተመው በ2001 ነበር፤ በሦስት ዓመት ውስጥ ከቤተ ሙከራ ወጥቶ በሲኒማ ሸራ ላይ ከሚታይ ገጸ ባሕርይ ቆዳ ደርሷል። ከአንዱ ወገን ወደ ሌላው የሚያሻግረው የተፈታና ስም ያለው ችግር ነው። ስቱዲዮ ተመራማሪን የሚቀጥረው ያልተፈታበትን ነገር ስለፈታ ነው፤ ዩኒቨርሲቲም ከስቱዲዮ የሚመጣን ሰው የሚቀበለው በዚሁ ምክንያት ነው። የትውልድ ቦታ በዚህ ላይ ብዙ አይጨምርም፣ አይቀንስም። ሃኖይ የተወለደው ቡይ ቱዎንግ ፎንግ በ1973 በዩታ ባቀረበው የዶክትሬት ጽሑፍ ነገሮች ሲያብረቀርቁ የሚታይባቸውን ብልጭታ የሚያሰላ ቀመር አወጣ፤ በ1975 በወጣትነቱ አረፈ፤ ቀመሩ ግን ዛሬም በየክፍሉ በስሙ ይማሩታል።

ትዕግሥት የሚፈተንበትን ነገርም መደበቅ አልፈልግም። በካትመል ዶክትሬትና ሙሉ በሙሉ በኮምፒውተር በተሠራው የመጀመሪያው ረጅም የአኒሜሽን ፊልም መካከል 21 ዓመት አለ። ኤሪክ ቪች በ1997 በስታንፎርድ የጻፈው የዶክትሬት ጽሑፍ ዛሬ ስቱዲዮዎች ብርሃንን ለሚያሰሉባቸው ዘዴዎች መሠረት ከሆኑት አንዱ ነው፤ የአካዳሚው ሽልማት የደረሰው ግን በ2014 ነው። በዚህ ሙያ ውጤትን በወራት የሚቆጥር ሰው ቶሎ ተስፋ ይቆርጣል።

አሁን ወደ እርስዎ ዝግጅት ልምጣ። ብሌንደር ጥሩ መሣሪያ ነው፤ በ2025 በረጅም አኒሜሽን ፊልም ዘርፍ ኦስካር ያሸነፈው የላትቪያው «ፍሎው» የተሠራው በእርሱ ነው። ነገር ግን ለተመራማሪ ቁልፉን መጫን መቻል ብቻውን አይበቃም፤ ቁልፉ ሲጫን ከሥር የሚሠራውን ማወቅ አለበት። ከሥር ያለው ሒሳብ ደግሞ ሊኒየር አልጀብራ፣ ካልኩለስና ፕሮባቢሊቲ ነው። ጄምስ ካጂያ በ1986 ባሳተመው ቀመር መሠረት ከአንድ ነጥብ ወደ ዐይናችን የሚመጣው ብርሃን ነጥቡ ራሱ የሚያመነጨውና ከየአቅጣጫው ተቀብሎ የሚያንጸባርቀው ድምር ነው። ድምሩ ማለቂያ የሌለው ስለሆነ ኮምፒውተሩ ጨረሮችን በዕጣ እየመረጠ ይልካል፤ አማካዩንም ይወስዳል። ጨረሩ ሲያንስ ምስሉ ላይ ነጠብጣብ ይበዛል፤ ነጠብጣቡን በግማሽ ለመቀነስ ጨረሩን አራት እጥፍ ማድረግ ግድ ይላል። ላለፉት ዐሥርተ ዓመታት በዚህ ዘርፍ ከተደረገው ምርምር ሰፊው ክፍል ይህን የአራት እጥፍ ዋጋ ለማቃለል የተደረገ ጥረት ነው። ጨረሩ አራት እጥፍ የሚሆንበትን ምክንያት ከነማስረጃው በወረቀት ላይ ማሳየት ሲችሉ፣ ከአንድ ኮርስ የምስክር ወረቀት ይልቅ ለእርስዎ ይመሰክርልዎታል።

ላፕቶፕዎ ለዚህ ይበቃል። የ90 ደቂቃ ፊልም በሴኮንድ 24 ምስል ስለሚፈልግ በጠቅላላው 129,600 ምስሎች አሉት፤ አንዱ ምስል አንድ ሰዓት ቢፈጅ በአንድ ኮምፒውተር ወደ 15 ዓመት ይጠጋል፤ ስቱዲዮዎች በሺዎች የሚቆጠሩ ማሽኖችን የሚያሠሩት ለዚህ ነው። አዲስ ዘዴን ለመፈተን ግን አብዛኛውን ጊዜ አንድ ምስል ይበቃል። በ512 በ512 ነጥብ ምስል ላይ ለእያንዳንዱ ነጥብ 100 ጨረር ቢልኩ ከ26 ሚሊዮን ጥቂት ይበልጣል፤ ይህንንም በሲ ፕላስ ፕላስ በሚገባ የተጻፈ ፕሮግራም በተራ ላፕቶፕ፣ ቀለል ባለ ትዕይንት ላይ በደቂቃዎች ይጨርሰዋል። መብራት መጥፋቱን ግን ከመጀመሪያው በንድፉ ውስጥ ያስገቡት፤ ፕሮግራሙ በየአምስት ደቂቃው የደረሰበትን እያስቀመጠ፣ ሲነሣ ካቆመበት እንዲቀጥል አድርገው ይጻፉት።

የመመረቂያ ርዕስ ፍለጋ ሩቅ መሄድ አያስፈልግዎትም፤ ይህን ስል አካባቢን ለማወደስ አይደለም። በክረምት ግልገል ዓባይ፣ ርብ፣ ጉማራና መገጭ አፈር ተሸክመው ሲገቡ ጣና ይደፈርሳል። የደፈረሰ ውኃ በግራፊክስ ከባድ ችግር ነው። ብርሃኑ በደለሉ ቅንጣቶች እየተጋጨ ብዙ ጊዜ አቅጣጫውን ይቀይራል፤ ከፊሉ ይዋጣል፤ የተረፈው የቀለሙን ዓይነት ይዞ ይወጣል። ይህን በትክክል ለማስላት የመዋጡና የመበተኑ መጠን በቁጥር መታወቅ አለበት። በ2006 ሲግራፍ በተባለው የግራፊክስ ጉባኤ የቀረበ አንድ ጥናት ለዚህ እጅግ ርካሽ የሆነ መንገድ አሳይቷል፤ ወተትን፣ ቡናን፣ ቢራንና ሻምፑን በመስታወት ገንዳ ውስጥ በውኃ አቅጥኖ ፎቶግራፍ አነሣ። ፈሳሹ በጣም ሲቀጥን አንዱ ጨረር ከአንድ ጊዜ በላይ ስለማይበተን ሒሳቡ ቀላል ይሆናል፤ ቁጥሮቹ ከቀጭኑ ተወስደው ለወፍራሙ ይሰላሉ። እርስዎም የመስታወት ዕቃ፣ ጨለማ ክፍል፣ ትንሽ መብራትና ብርሃንንና ቀለምን በራሱ እንዳያስተካክል ተደርጎ የተዘጋጀ ካሜራ ካለዎት መጀመር ይችላሉ።

አዲሱ ነገር ታዲያ የት ላይ ነው? ወተት ቢቀመጥ ቶሎ አይዘቅጥም፤ ደለል ግን ይዘቅጣል፤ መጀመሪያ ትልልቁ፣ ቀስ ብሎም ደቃቁ። ስለዚህ ካማሰሉ በኋላ በየደቂቃው የሚነሣው ፎቶግራፍ ስለ ቅንጣቶቹ የመጠን ስብጥር ይናገራል፤ የቀደመው ዘዴም እንዳለ ሊሠራ አይችልም። ሁለተኛ ዲግሪን የሚያህል ንጹሕ ጥያቄ እዚህ ውስጥ አለ፤ ውጤቱም ለፊልም ውኃ እንደሚጠቅመው ሁሉ ደለልን ለሚያጠኑ የውኃ ባለሙያዎችም ይጠቅማል። አማካሪ ሲፈልጉ ይህ ሁለተኛው ጥቅም ይረዳዎታል፤ በክፍልዎ ግራፊክስን የሚመራ ሰው ባይኖር ሒሳቡን ከኮምፒውተር ክፍል፣ ልኬቱን ደግሞ ከውኃ ወይም ከፊዚክስ ባለሙያ ጋር በጋራ አማካሪነት መሥራት ይቻላል። አንድ ጥንቃቄ ልጨምር፤ በሐይቁ ዳር ቢልሃርዚያ አለና ናሙናውን ውኃ ውስጥ ቆመው አይቅዱ፤ በጀልባ ገብተው፣ ጓንት አድርገው፣ ክዳን ባለው ዕቃ ይቅዱ።

ከሁለተኛ ዲግሪው በኋላ ዶክትሬቱን በውጭ አገር ጠንካራ የግራፊክስ ቡድን ባለበት ዩኒቨርሲቲ እንዲሠሩ እመክራለሁ፤ በራስዎ ገንዘብ ግን በጭራሽ አይሂዱ። በዚህ ዘርፍ ደህና ቡድን ለዶክትሬት ተማሪው ደመወዝ ወይም የትምህርት ወጪ ይሸፍናል። አማካሪ ሲመርጡ ከስሙ ይልቅ ያስመረቃቸው ተማሪዎች አሁን የት እንዳሉ ይመልከቱ፤ ግማሾቹ ስቱዲዮ ግማሾቹ ዩኒቨርሲቲ ከሆኑ፣ ለእርስዎ የሚሆነው ያ ነው። ከስቱዲዮ ጋር የሚያገናኝዎ በትምህርት መካከል፣ በዕረፍት ወራት የሚደረግ የሥራ ልምምድ (ኢንተርንሺፕ) ነው። ዙሪክ የሚገኘው የዲዝኒ የምርምር ማዕከል ከ2008 ጀምሮ ከከተማው የቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲ ጋር እየሠራ ነው፤ ፒክሳርም ዲዝኒም ሌሎችም ለሰው ሁሉ ክፍት ያደረጓቸው ኮዶች አሏቸው። ለእነዚህ ኮዶች ወይም ለብሌንደር አንድ ስሕተት አርመው ማሻሻያዎ ተቀባይነት ቢያገኝ፣ ባሕር ዳር ተቀምጠው የሠሩት ሥራ መሆኑ ዋጋውን አይቀንሰውም። ለፕሮፌሰር ሲጽፉም ይህንን ያስቀድሙ፤ «ለግራፊክስ ከልጅነቴ ፍቅር አለኝ» የሚል ደብዳቤ በየሳምንቱ ይደርሰዋል።

የፊልሙን ሥራ ገደቦች ከሕይወቴ ልንገርዎ። በአንድ ስቱዲዮ የሬንደሪንግ (የምስል ማመንጫ) ቡድን ውስጥ ስሠራ ሁለት ዓመት የደከምሁበትን ዘዴ ለማሳተም ፈቃድ ጠየቅሁ፤ ፊልሙ እስኪወጣ ቆይ ተባልሁ፤ ፊልሙ ሲወጣ ቡድኑ ተበተነ፤ ጽሑፉ እስከ ዛሬ አልታተመም። ወደ ማስተማር ስመለስ እነዚያ ሁለት ዓመታት በወረቀት ላይ እንዳልነበሩ ተቆጠሩ። በስቱዲዮ የሚሠራው ሁሉ የስቱዲዮው ንብረት መሆኑን፣ ብዙው ቅጥር ለአንድ ፊልም ብቻ መሆኑን፣ የሥራ ፈቃድ ያልያዘ የውጭ ዜጋም በመጀመሪያው ማጣሪያ ሊወድቅ እንደሚችል አውቀው ይግቡ። ውል ሲፈርሙ ስለ ማሳተም የሚናገረውን አንቀጽ ፈልገው ያንብቡ፤ ከሌለ እንዲገባ ይጠይቁ። በዚህ በኩል ደግሞ ዩኒቨርሲቲ ለትምህርት ሲልክዎ የሚያስፈርምዎ የአገልግሎት ግዴታ አለ፤ ስንት ዓመት እንደሚያስርዎና ቢያፈርሱት ምን እንደሚያስከፍልዎ ከመፈረምዎ በፊት ይወቁ። ለደረጃ ዕድገት ሲባል ገንዘብ ብቻ ተቀብለው ያለ ግምገማ በሚያሳትሙ መጽሔቶች ላይ ከቶ አይጻፉ። ለጊዜው የደረጃ ነጥብ ያስገኙ ይመስላል፤ ማመልከቻዎን የሚያነበው ሰው ግን ያያቸዋል፤ ለማሰረዝም ያስቸግራሉ።

ሰው ሠራሽ አስተውሎትን በተመለከተ የሚነገረው ከፊሉ እውነት ነው። ቀላል ምስል ብቻ የሚያመርት ሰው ሥራ እየጠበበ መሆኑን አልክድም። ስቱዲዮዎችም የምስል ነጠብጣብን በኒውራል ኔትወርክ ማጽዳትን የዕለት ሥራቸው አድርገውታል። ከፎቶግራፎች ተነሥተው ትዕይንትን በሦስት አቅጣጫ መልሰው የሚገነቡትን የ2020ንና የ2023ን ዘዴዎች (ኔርፍንና ጋውሲያን ስፕላቲንግን) የፈጠሩት ግን የግራፊክስና የኮምፒውተር ዕይታ ተመራማሪዎች ናቸው፤ ዘዴዎቹም ከላይ በጠቀስሁት ብርሃን በደፈረሰ ነገር ውስጥ ሲያልፍ በሚሰላበት ሒሳብ ላይ የቆሙ ናቸው። ስለዚህ ለተመራማሪ ጊዜው አላለፈም፤ ሒሳቡን ሳያውቅ መሣሪያውን ብቻ ለያዘ ሰው ግን አስጊ ነው፤ ኮርሱን እንዲተዉ ከመከርሁባቸው ምክንያቶችም አንዱ ይህ ነው።

እንግዲህ ውሳኔው እንዲህ ይሁን። በማስተማሩ ሥራ ይቆዩ፤ ለሁለተኛ ዲግሪም በዚያው ይመዝገቡ። በሚቀጥሉት ስድስት ወራት ብርሃንን በዕጣ ጨረር የሚያሰላ ፕሮግራም ከባዶ ይጻፉ፤ ለዚህ የሚሆን፣ ደራሲዎቹ በ2014 የአካዳሚውን የቴክኒክ ሽልማት ያገኙበት «Physically Based Rendering» የተባለ ሙሉ መጽሐፍ ከነኮዱ በነጻ በኢንተርኔት ይገኛል። ብሌንደርንም አይጣሉት፤ የዐሥር ሴኮንድ፣ ማለትም የ240 ምስሎች፣ አንድ ትዕይንት እስከ መጨረሻው ይሥሩ፤ ነገ የሚያገለግሏቸው አኒሜተሮች ምን እንደሚያስቸግራቸው የሚገባዎት ያኔ ነው። ከዚያ የ2006ቱን ሙከራ መጀመሪያ በወተት ይድገሙት፤ የታተሙት ቁጥሮች ዘንድ ሲደርሱ ልኬትዎ ትክክል መሆኑን ያውቃሉ። ወደ ደለሉ የሚሻገሩት ወተቱ ከተሳካ በኋላ ብቻ ነው። የሐይቁን ናሙና በነሐሴና በጥር ይውሰዱ፤ ቀኑን፣ ቦታውንና ጥልቀቱን በዕቃው ላይ ይጻፉ። ጥር ቢያልፍብዎ የካቲት አለ፤ የነሐሴው ድፍርስ ካመለጠዎ ግን እስከሚቀጥለው ክረምት መጠበቅ ነው።